ጓጉንቸሩ ቆልፎ የጠበቀው ግድግዳ

ተረት ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ጆሮውን፣ ትዕግሥት ያለው ትዕግሥቱን ይዞ ይቅረብ።

ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ አንድ ያረጀ አንበሳ ነበር። ጉልበቱ ስለከዳው ከቤት አይወጣም። ንጉሥ ነውና ግን አገሩን ማየት አለበት። ስለዚህ ከመደቡ ፊት ለፊት ያለውን የጭቃ ግድግዳ ነጭ አፈር አስቀባና፣ "ማለዳ ማለዳ ሳልነቃ አገሬን እዚህ ላይ ሳሉልኝ። ስነቃ አይቼ እፈርዳለሁ" አለ።

ሠዓሊዎቹ ሁለት ነበሩ። እሜቴ ጦጢት ዛፍ ላይ ስለምትውል ቀን የሚታየውን ትስላለች። አያ ጃርት ሌሊት ስለሚዞር በጨለማ የሚታየውን ይስላል። ሠዓሊ የምታስገባና የምታስወጣ አጋፋሪ ደግሞ እትዬ ኤሊ ነበረች። ለዚህ ሹመት የበቃችው በር ላይ መቆም ስለማይሰለቻት ነው።

መጀመሪያ በሩ ቁልፍ አልነበረውም። አንድ ማለዳ ጦጢት ፍየል ልትስል ገባች፤ ጃርትም ጅብ ሊስል ገባ። እሷ ከግራ ጀመረች፣ እሱ ከቀኝ ጀመረ። መሐል ላይ ተገናኙ።

"እዚህ ጋ የፍየሌ ሆድ ነው" አለች ጦጢት።

"እዚህ ጋ የጅቤ ሆድ ነው" አለ ጃርት።

"ለሁለታችሁም አንድ ሆድ ይበቃል" አለ ግድግዳው። "ይልቅ ከጀርባዬ ዝናብ እየገባ ነው። ለእትዬ ኤሊ ንገሩልኝ።"

ነገሯት። "ቆይ፣ መጀመሪያ ይህን ላስተካክል" አለች።

ሳታስተካክል አንበሳው ነቃ። ግድግዳው ላይ ከፊት ፍየል፣ ከኋላ ጅብ የሆነ ፍጡር ቆሟል።

"ይህ ማን ነው?" አለ።

"ስሕተት ነው ጌታዬ" አለች ኤሊ።

"ስሕተትም ቢሆን በአገሬ እስከኖረ ድረስ እጅ ሊነሳኝ ይገባል። ክረምቱ ሳይወጣ ፊቴ አቅርቢው። ካላቀረብሽ የጀርባሽን ድንጋይ ገልብጬ የጠጅ ዋንጫ አደርገዋለሁ።"

ኤሊ አንገቷን ከተተች። ስታወጣው አንድ ሐሳብ ይዛ ወጣች፤ ጓጉንቸር ቀጠረች።

"አንዱ ሲገባ ትዘጋለህ፤ እሱ እስኪወጣ ሌላ አታስገባም" አለችው።

"የገባው ምን እንደሚሠራ ልጠይቅ?"

"አትጠይቅ።"

"ደስ ይለኛል" አለ ጓጉንቸሩ። "እኔ መቆለፍ እንጂ መጠየቅ አልተማርኩም።"

በማግስቱ ቁልፉ ለጃርት ተሰጠው። ገባ፤ ተዘጋ። ጃርት ሌሊቱን ሲዞር ነው ያደረው፤ እግሩ ደክሟል። ፀሐይ ብቻ ስሎ ቁልፉን እንደታቀፈ ከግድግዳው ሥር ተጠቅልሎ ተኛ። አንበሳው ነቅቶ ሥዕሉን አየ። "ቁጥቋጦው አምሮበታል" አለ ጃርትን እያየ። "አገሩ ፀሐይ ነው። እህሉ ከጎተራ ወጥቶ ይሰጣ።"

እህሉ ተሰጣ። ዘነበበት። በማግስቱም ግድግዳው ላይ ፀሐይ፣ ሜዳው ላይ ዝናብ ነበር። እህሉ እዚያው ተሰጥቶ በቀለ።

"ክፈት እንጂ" አለች ኤሊ በሩ ላይ ሆና።

"የገባው አልወጣማ" አለ ጓጉንቸሩ።

"ተኝቷል እኮ።"

"ስለ እንቅልፍ የነገርሽኝ ነገር የለም።"

ከውስጥ ደግሞ ግድግዳው፣ "እትዬ ኤሊ፣ ጀርባዬ ራሰ" አለ።

"ቆይ፣ መጀመሪያ ይሄ ይውጣ" አለች።

ጃርት እርቦት ሲነቃ ወጣ። ኤሊ ከዚያ በኋላ አንዱ ብቻውን ሁሉን እንዳይዝ ብላ ብሩሹን ለጃርት፣ የቀለሙን ቅል ለጦጢት ሰጠች። "ሁለቱንም ያልያዘ አይግባ። እየተቀባበላችሁ በተራ ግቡ" አለቻቸው። ሁለቱ በማለዳ ደጃፉ ላይ ተገናኙ። ሁለቱም በጨዋ ደንብ ያደጉ ናቸው።

"ይቅደሙ አያ ጃርት።"

"ኧረ አይገባም! እሜቴ ቆመው እኔ ልቅደም?"

"በሞቴ ይግቡ።"

"እኔ ልሙት፣ አልገባም።"

"እንግዲያው ብሩሹን ያቀብሉኝና ልግባ።"

"ቅሉን ያቀብሉኛል ብዬ ነው እንጂ የቆምኩት።"

"አሁን እኔ ቀድሜ ባቀብል አይከፋዎትም?"

"እኔስ ቀድሜ ባቀብል ምን ይባላል?"

መሸ። ግድግዳው ባዶውን ዋለ። አንበሳው ባዶውን ነጭ አይቶ፣ "አገሬ አለቀች" አለና ልቅሶ አስጠራ። ድንኳን ተተከለ። ከየጎጡ የመጡ እንስሳት ስለጠፋችው አገር ሙሾ አወረዱ፤ ንፍሮ በልተውም ወደዚያችው አገር ተመለሱ።

ኤሊ በሦስተኛው ጊዜ ነገሩ ገባት። "ማንም ይሁን ማን ብሩሹ ቀድሞ ይያዛል፤ ቅሉ ይከተላል። ውስጥ መተኛት የለም። የጨረሰ ሁለቱንም ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ይወጣል" አለች። ሥራው ሰመረ። ጓጉንቸሩ እንኳ ድምፁ አማረ።

"እትዬ ኤሊ" አለ ግድግዳው በቀጭን ድምፅ።

"ቆይ" አለች። "ሥርዓታችን ገና አሁን መስመር ያዘ።"

ፍጡሩ ግን አልተገኘም። ኤሊ ወንዝ ለወንዝ ጠየቀች፤ የሰሙት ሁሉ ሳቁባት። የክረምቱ መጨረሻ ማለዳ ደረሰ። ኤሊ ድንጋይዋን ለመጨረሻ ጊዜ በቅጠል ወለወለችና በሩ ላይ ቆመች።

ጦጢት ብሩሹን አነሳች፣ ቀጥላም ቅሉን። ገባች። ጓጉንቸሩ ቀጭ አለ። ጦጢት ብሩሹን ስትሰነዝር ግድግዳው፣ "እንግዲህ እኔ ተናግሬአለሁ" አለና ወደ ውጭ ተናደ። ብሩሹ አየር ላይ ቀረ።

አንበሳው ባነነ። ግድግዳው በነበረበት ቦታ ተራራው፣ ሜዳው፣ የበቀለው እህል ቁልጭ ብሎ ይታያል።

"ጦጢት፣ ዛሬስ እጅሽ ተፈታ። ቅጠሉ ሲወዛወዝ ይታየኛል" አለ።

"ምን እኔ፣ ቀለሙ ነው ጌታዬ" አለች ጦጢት።

ያን ጊዜ በሜዳው አያ ጅቦ ብቅ አለ። ፍየል ከኋላዋ ጀምሮ ሲውጥ ራሷ ላይ ደርሶ፣ ቀንዷ ስለያዘው ራሷን ከአፉ ውጭ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ከፊት ፍየል፣ ከኋላ ጅብ።

"ያዘዝኩት መጣ!" አለ አንበሳው። "ኤሊ፣ ድንጋይሽን ምሬልሻለሁ። አንተ ፍጡር፣ ወዲህ ና!"

ንጉሥ ጠርቶት ዝም የሚል የለም። አያ ጅቦ፣ "አቤት ጌታዬ!" አለ። አቤት ሲል አፉ ተከፈተ፤ ፍየሏ ወደቀችና በፈረሰው በኩል ገብታ መደቡን ዘላ በሩ ላይ ደረሰች።

"ለሁለት ተከፈለብኝ!" አለ አንበሳው። "በሩን ቆልፉት!"

"ተቆልፌአለሁ ጌታዬ" አለ ጓጉንቸሩ።

"እባክህ አስወጣኝ" አለች ፍየሏ።

"ቁልፍ ይዘሻል?"

"አልያዝኩም።"

"እንግዲያው ከዚህ መውጣት አይቻልም።"

ፍየሏ ጓጉንቸሩን አየችው። ከዚያ ዘወር ብላ ግድግዳው በነበረበት በኩል ወጥታ ሄደች።

ኤሊ ከዚያን ቀን ወዲህ በር ከመዝጋቷ በፊት ቤቱን ዞራ እያንዳንዱን ግድግዳ፣ "አለህ?" ትላለች፤ መልሱንም ትጠብቃለች። መንገድ ላይ ስታዩዋት የምትዘገየውም ስለዚህ ነው።

በር ከመቆለፍ በፊት ግድግዳ መጠየቅ ይቀድማል። ተረቴ አለቀ፤ ስትወጡ ቁልፉን ደጃፍ ላይ አስቀምጡልኝ።