የአልጋነሽ ልጅ ክርስትና እናት

በአንድ ወቅት፣ ጉንፋን ሳይጠሩት ከቤት ቤት በሚዞርበት ክረምት፣ አልጋነሽ የምትባል የደረሰች እርጉዝ ነበረች።

ጎረቤቷ በላይነሽ ሹሩባ ልትሠራት መጣች። እየሠራቻት ትስላለች።

«ኧረ በላይዬ፣ እንዳታጋቢብኝ።»

«ጉንፋን ሰው ገደለ ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ሳቀችባት።

በሳምንቱ አልጋነሽ ተኛች። ትንፋሽ አጠራት። ሴቶቹ ሁሉ «እርጉዝ አይደለች? ያለከልካታል» አሉ። ከስንት እርጉዝ ቀብር ሲመለሱም ይኸንኑ ይላሉ። ሌላዋ ጎረቤት ማስተዋል ግን ከንፈሯ መጥቆሩን አይታ «ይሄ የእርግዝና አይደለም፤ አንሷት!» አለች። ባልዬው ደምሰው «መጀመሪያ ጠበል» ብሎ በሩን ያዘ።

«የነፍስ አባትህ አባ ወልደየስ ናቸው ሐኪም ቤት ትሂድ ያሉት» አለችው ማስተዋል።

አባ ምንም አላሉም፤ ጭራሽ አላገኘቻቸውም። ደምሰው ግን አምኗት በሩን ለቀቀ፤ በቃሬዛ ወሰዷት።

ልጅቷ ያለ ጊዜዋ ተወለደች፤ እፍኝ አትሞላም። እናቷ በኦክስጅን ተይዛ ራሷን አታውቅም። ያኔ ከሕመሟ የዳነችው በላይነሽ የራሷን ጡት ጠቢ ለእህቷ ጥላ መጣች። ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ እያሞቀች አጠባቻት። የራሷ ልጅ ከሳ።

እናትና ልጅ ቤት ሲገቡ ደግሞ ሦስተኛዋ ጎረቤት፣ እትዬ ዘርፌ፣ በርጩማቸውን ደጃፉ ላይ አኖሩ። አራስ ጠያቂውን ሁሉ «ገንፎው ይግባ፣ አንቺ ተመለሽ» ይሉ ነበር። ተሰደቡ፤ አልተነሡም። የአልጋነሽ እናት ከገጠር እየሳሉ መጡ።

«የልጄን ልጅ ልያት!»

«ሲሻልዎት» አሉ እትዬ ዘርፌ።

አሮጊቷ ሳያዩዋት ተመለሱ፤ በዚያው ክረምት ሞቱ።

ሰማንያ ቀን ሞላ። የአልጋነሽ ሳንባ ግን አልጠናም፤ ከአልጋ እስከ በር ለመድረስ ታርፋለች። ጭንቀቷ ይህ ነው፤ በዚያ አገር ልማድ እናት ብትጎድል ልጅ የምታሳድገው የክርስትና እናት ናት፤ እሷም አንዲት ብቻ።

በክርስትናው ዕለት አልጋነሽን ደግፈው ቤተ ክርስቲያን አደረሷት፤ ሦስቱም ጎረቤቶች ልጅቷን ሊቀበሉ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ።

«የቆመችው በወተቴ ነው» አለች በላይነሽ።

«የወደቀችውስ በማን ሳል ነው?» አለች ማስተዋል።

«አንቺ በቄስ ስም የዋሸሽ!»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ» አሉ እትዬ ዘርፌ፤ «በሩን ባልይዝ ዛሬ ተዝካር ነበር።»

«የማንን እናት መልሰው?» አለች አልጋነሽ ቀስ ብላ።

አባ ወልደየስ ሕፃኗን እንደያዙ እጃቸውን ዘረጉ። «ልጄ፣ ማን ትቀበለኝ?»

አልጋነሽ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ሳል ያዛት።

እስክትጨርስ እናንተ መልሱላት፤ ልጅቷን ለማን ትስጥ?