አባቷ በየትኛው እጁ ይጽፍ ነበር?

አንዲት ሴት ነበረች፤ ጃፓን አገር፣ ቶኪዮ ከተማ። ቺካኮ እንበላት። ሥራዋ የካርቱን ፊልም መሣል ነው። እዚያ አገር ካርቱን የልጆች ብቻ አይደለም፤ አዛውንቱም ያየዋል፣ ያለቅስበታልም።

ያን ሰሞን የምትሥለው አንዲት ልጅ አባቷ መቃብር ላይ ተንበርክካ ስታለቅስ ነው። ሁለት ደቂቃ ለማይሞላ ለቅሶ ሦስት ሳምንት ደከመች። እንባውን አሥራ አንድ ጊዜ እያጠፋች ሣለችው። አለቃዋ አሁንም "ገና ነው" ይላታል።

አንድ ቀን ጠዋት እናቷ ከገጠር ደወለችላት። "በሚቀጥለው ሳምንት የሙታን በዓል ነው። አባትሽ ወደ ቤቱ ይመጣል። ሦስት ዓመት ቀረሽ፤ ዘንድሮስ?" ቡድሂስቶች በዚያ በዓል የሞቱ ሰዎች ቤተሰባቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ ብለው ያምናሉ።

"ሥራ ላይ ነኝ እማ" አለችና ዘጋችው።

ግን ከነከናት። በምሳ ሰዓት ወደ አባቷ ሮጠች። የት? ከመሥሪያ ቤቷ አጠገብ ወዳለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ። ቤተ መቅደሱ ፎቅ ነው። መሬት ስለጠበበ የሟቾች አመድ በሣጥን ሆኖ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ካርድ ስታስነኩ ማሽን ሣጥኑን ፈልጎ ያመጣና ትንሽ በር ይከፈታል። ጸልያችሁ ካርዱን ስትደግሙት ይመለሳል። "አጠገቤ ይሁን" ብላ አባቷን ከገጠር ያመጣችው ራሷ ናት። ሦስት ደቂቃ ይበቃታል።

ያን ቀን ማሽኑ አልመልስ አለ። ደግማ አስነካች። ወይ ፍንክች። ሰዓቷን አየች፤ መውጫውን አየች፤ እንደገና ሰዓቷን።

አንድ ሽማግሌ መነኩሴ መጡ። "ባለሙያ ጠርተናል ልጄ። መቼም አባትሽን እንዲህ አውጥተሽ ጥለሻቸው አትሄጂም፤ ቁጭ በዪ።"

ተቀመጠች፤ እግሯ ግን መሬቱን ይመታል። መነኩሴው ሊያጫውቷት ብለው "ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?" አሏት።

"ደግ ነበር።"

"እሱማ ሁሉም ሟች ደግ ነው። ሌላስ?"

ሌላስ? የፊልሙን አባት ጠይቋት። ሲያስል ድምፁን፣ የኮቱን ቁልፍ፣ ሲጽፍ ጣቱ እንዴት እንደሚታጠፍ ትነግራችኋለች። የገዛ አባቷስ? በየትኛው እጁ ነበር የሚጽፈው? ጠፋባት። እጅ ስትሥል የምትውል ሴት የአባቷ እጅ ጠፋባት። አፈረች፤ ፈራችም።

ያን እጅ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። ጠዋት ስልክ የተዘጋባት እናቷ።

ደወለች። "እማ፣ አባዬ በየትኛው እጁ ነበር የሚጽፈው?"

እናቷ "ነይና ላሳይሽ" አለቻት።

ባለሙያው መጥቶ ትንሿ በር ስትዘጋ ቺካኮ የባቡር ትኬት ቆርጣ ነበር። ፊልሙስ? ዘገየ። አለቃዋም ተቆጣ።

ወገኖቼ፣ በጃፓኖች አትሣቁ። እኛስ ካርድ የለንም? በበዓል ቀን ያቺን አበባ ያለባትን መልእክት ለአርባ ሰው ባንዴ የላካችሁ የላችሁም? በተከታታይ ፊልም የማናውቃት ልጅ አባቷ ሲሞት ስንቶቻችን አለቀስን? እዚያው ሶፋ ላይ፣ እናታችን መድኃኒቷን አቀብሉኝ ስትለን፣ "ቆይ፣ አንዴ" አላልንም? እኔ ብያለሁ።

አባታችሁ በየትኛው እጁ ይጽፋል? እናታችሁ ስትስቅ አፏን ትሸፍናለች ወይስ አትሸፍንም?

ሰዓት የምታዩ አላችሁ፤ አይቻችኋለሁ። ይሁን፤ ዛሬ ንግግሬን ሃያ ደቂቃ ቀደም ብዬ እጨርሳለሁ። ሃያውን ደቂቃ ግን ለታክሲ ሰልፍ አልሰጠኋችሁም። "ነይ"፣ "ና" የሚላችሁ ሰው ገና አላችሁ። ተነሡ።