«ስንተኛ» የሌለበት ካርድ

ጠጋ በሉና ስሙ፤ አንዲት ፊርማ ፈልጎ ከተማውን ስለዞረ ሰው ላወራችሁ ነው።

በአንዲት የገበያ ከተማ ስመኘው የሚባል የአራተኛ ክፍል መምህር ነበረ። በዚያ ትምህርት ቤት ዓመቱ ሲዘጋ ወላጅ ሁሉ ግቢው ውስጥ ይሰበሰብና የልጆቹ ደረጃ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በድምፅ ማጉያ ይጠራል። ከስመኘው ተማሪዎች መጨረሻ የምትጠራው ስንዱ ነበረች። አምና ስሟ ሲጠራ ግቢው ሳቀ። ዘንድሮ መምህሯን «እንደዚያ ብላችሁ ከጠራችሁኝ ትምህርት በቃኝ» አለችው።

መምህር ስመኘው አዲስ ካርድ አዘጋጀ። ደረጃ የለውም። ልጁ ምን እንደቻለ፣ ምን እንደቀረው፣ ቤት ውስጥ በምን እንደሚታገዝ ተጽፎበታል። ርዕሰ መምህሩ አገላብጠው አዩትና «የክፍልህ ወላጆች ከፈረሙበት ክፍልህን በዚህ እንዘጋለን። ካልፈረሙ ግን በድምፅ ማጉያው ነው» አሉት።

ስመኘው ካርዶቹን በብብቱ ይዞ ወጣ። የፈለገው የመጀመሪያዋን ፊርማ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ልጃቸው አንደኛ ወደምትወጣው ልብስ ሰፊ፣ ወደ ጋሽ ውብሸት ሄደ። ጋሽ ውብሸት መርፌውን በከንፈራቸው እንደያዙ ካርዱን አዩት፤ ገልብጠው ጀርባውንም አዩት።

«አንደኛ የሚለው የታለ?»

«የለም፣ ጋሼ። ቤዛ ድርሰት አሳምራ ትጽፋለች፣ ሰው ሲናገር ግን ታቋርጣለች ይላል።»

«ማቋረጡን ከእናቷ ነው የወሰደችው። አየህ መምህር፣ እኔ ፈርሜ ባለወፍጮዋ ካልፈረሙ በማግስቱ የሳቸው ልጅ አንደኛ ነው። እሳቸው ይፈርሙ፣ እኔ እከተላለሁ።»

ካርዱ ፊርማ ይጠብቃል፤ ጋሽ ውብሸት ባለወፍጮዋን ይጠብቃሉ። መምህር ስመኘው «እሺ» ብሎ ወደ ወፍጮ ቤት ወረደ።

ባለወፍጮዋ እትዬ ዘነበች ዱቄት ከቅንድባቸው እየጠረጉ በወፍጮው ጩኸት ላይ ጮኹበት። «ልጄ አንደኛን ሊይዝ አንድ እርምጃ ሲቀረው ውድድሩን አፈረሳችሁት?»

«እትዬ፣ ያቤጽ የገባውን ለጓደኞቹ ያስረዳል ይላል።»

«ያስረዳ። እኔ ግን ባለሉካንዳው ድንበሩ ሳይፈርም ብፈርም ‹ሁለተኛነቱ ሲያሳፍራት ሸሸች› እያለ ሥጋ በመዘነልኝ ቁጥር ይስቅብኛል። እሱ ይቅደም።»

ካርዱ ፊርማ ይጠብቃል፤ ጋሽ ውብሸት እትዬ ዘነበችን ይጠብቃሉ፤ እትዬ ዘነበች ድንበሩን ይጠብቃሉ። መምህር ስመኘው «እሺ» ብሎ ወደ ሉካንዳው ተሻገረ።

ድንበሩ ቢላውን እየሳለ ሰማው። «የኔ ልጅ መሀል ላይ ነው፤ አይወደስም፣ አይሰደብም። ይመቸኛል። ጠዋት ሙሉቀን በባጃጁ ሲያልፍ ደስ ብሎኝ ሰላም የምለው ለምን ይመስልሃል? የሱን ልጅ ስለምንበልጣት ነው። እስቲ እሱ ይፈርምና እናያለን።»

ካርዱ ፊርማ ይጠብቃል፤ ጋሽ ውብሸት እትዬ ዘነበችን ይጠብቃሉ፤ እትዬ ዘነበች ድንበሩን ይጠብቃሉ፤ ድንበሩ ሙሉቀንን ይጠብቃል። መምህር ስመኘው «እሺ» ብሎ ባጃጅ ተራ ደረሰ።

የሙሉቀን ልጅ ከመጨረሻዋ ቀድማ የምትጠራው ነበረች። «መምህር፣ ሰው ‹ልጅህ ስንተኛ ወጣች?› ሲለኝ ‹ከኋላዋ ሰው አለ› እላለሁ። እሱንም ልትወስድብኝ ነው? የስንዱ እናት አልጋነሽ ከፈረመች ግን ምን አማራጭ አለኝ።»

ስመኘው ሲመሽ ቤቱ ገባ። የጫማው ቀለም በአቧራ ጠፍቷል። ባለቤቱ «ስንት ሰው ፈረመ?» አለችው።

«ሁሉም ሊፈርሙ ነው» አላት። «የሚቀድም ብቻ ነው የጠፋው።»

በማንም ላይ አልተቆጣም። እንዲህ ነበር እሱ።

በማግስቱ ካርዱ ፊርማ ይጠብቃል፤ ጋሽ ውብሸት እትዬ ዘነበችን ይጠብቃሉ፤ እትዬ ዘነበች ድንበሩን ይጠብቃሉ፤ ድንበሩ ሙሉቀንን ይጠብቃል፤ ሙሉቀን አልጋነሽን ይጠብቃል። አልጋነሽ ገበያ ውስጥ ሽንኩርቷን ዘርግታ ተቀምጣለች። ስንዱ መምህሯን ስታይ ከጆንያው ጀርባ ተሸሸገች።

«እኔ ደግሞ ማንን ልጠብቅ?» አለች አልጋነሽ ነገሩን ስትሰማ። «ከኛ በኋላ ሰው የለም። ይልቅ ምን እንደሚል አንብብልኝ።»

መምህር ስመኘው አላነበበም። ካርዱን ከጆንያው በላይ አሳልፎ ለስንዱ አቀበላት። ስንዱ ከተደበቀችበት ሆና ጀመረች። «ስንዱ... ማንበብ... ጀምራለች። ረጅም ቃል ላይ... ትቆማለች። ተመልሳ ት... ትሞክራለች። ማባዛት ይቀራታል። ቤት ውስጥ በየቀኑ አንድ ገጽ ታንብብ።»

የአልጋነሽ እጅ ሽንኩርቱ ላይ ቆመ።

«እስከ ዛሬ ያመጣችው ካርድ መጨረሻ ከማለት ሌላ የነገረኝ የለም» አለች። «አንድ ገጽ ምን ያቅተኛል? ሽንኩርት ስመርጥ ታነብልኛለች።» እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ስሟን ቀስ ብላ ጻፈች። «ማነው እኔን የሚጠብቀው፣ ሙሉቀን? ከኋላህ ሰው የለም ብላለች በለው።»

አልጋነሽ ፈረመች። ሙሉቀን ከኋላው ሰው አጣ፤ ማጅራቱን እያከከ «የኔዋስ ምን ተባለች?» አለ። መምህሩ «የወደቀ ልጅ ስታይ መጀመሪያ የምትደርሰው እሷ ናት» ቢለው በባጃጁ ወንበር ላይ አስደግፎ ፈረመ። ሙሉቀን ፈረመ፤ ድንበሩ የሚበልጠው አጣ፤ ፈረመ። ድንበሩ ፈረመ፤ እትዬ ዘነበች የሚስቅባቸው አጡ፤ ፈረሙ። እትዬ ዘነበች ፈረሙ፤ ጋሽ ውብሸት የሚቀማቸው አጡ፤ ፈረሙና «ያን ማቋረጧን እንድትተው ምን እናድርግ?» አሉ። የቀሩትም ወላጆች ተከትለው ፈረሙ።

ዓመቱ ሲዘጋ አራተኛ ክፍል በድምፅ ማጉያ አልተጠራም። ልጆቹ በየጥጉ ካርዳቸውን ለወላጆቻቸው ያነቡ ነበር። ጋሽ ውብሸት አልጋነሽን አይተው ከልማድ «ስን...» ብለው ጀመሩና አቆሙ። ትንሽ አሰቡ።

«የናንተዋስ ምን ተባለች?» አሉ።

«እኔ ምን አስነገረኝ» አለች አልጋነሽ። «ስንዱ፣ ነይ አንብቢላቸው።»

ስንዱ በግቢው መሀል አልፋ መጣች፤ አነበበችም። በመስከረምም ከሁሉ ቀድማ ተመዘገበች።

ወሬው ይኸው ነው። የመምህር ስመኘውን ነፍስ ይማር፤ የሰማችሁትን ለሌላ አሻግሩ።