ካሜራውና ጥቁሯ አህያ

እናንተ የተሰበሰባችሁ፣ እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ። እንስሳም ዕቃም እንደ ሰው በሚያወሩበት በዚያ ዘመን፣ ሽባባው የሚባል ፎቶ አንሺ አንድ ዲጂታል ካሜራ ነበረው። ካሜራው ኩራተኛ ነበር። ሽባባው ብርሃኑን ሊያስተካክል እጁን ሲዘረጋ፣ «ተወው! ልኩን እኔ አውቃለሁ» ይለዋል።

አንድ ቀን አንዲት ጥቁር አህያ ከውርንጭላዋ ጋር መጣች።

«ጋሽ ሽባባው፣ ነጋዴው ዛሬ ወደ ሩቅ አገር ሊወስደኝ ነው። ልጄ መልኬን እንዳይረሳ ፎቶ ያንሱኝ» አለችው።

ሽባባው ኖራ ከተቀባው ግድግዳ ፊት አቆማት። ግድግዳው በፀሐዩ ያብረቀርቃል። ካሜራው የነጩን ግድግዳ ብርሃን ብቻ ለካና የሚያስገባውን ብርሃን ቀነሰ። ቀጭ! ግድግዳው አምሮ ወጣ፤ አህያዋ ግን የከሰል ክምር መሰለች።

«እናቴ የታለች?» አለ ውርንጭላው ስክሪኑን እያየ።

«እኔ ምን ላድርግ?» አለ ካሜራው። «ጥፋቱ የመልኳ ነው። እንዲህ የጠቆረ ፊት ማን ያወጣዋል?»

አህያዋ አንገቷን ደፋች።

ካሜራው እንደገና ሞከረ። የሌንሱን ቀዳዳ በረገደው፤ ብርሃኑ እንደ ጎርፍ ገባ። ቀጭ! አሁን ደግሞ ሁሉም ነጣ። አህያዋም ጉም መሰለች።

«እናቴ የታለች?» አለ ውርንጭላው።



«ግድግዳውን ተወው፣ ፊቷን እይ» አለው ሽባባው ካሜራውን። አህያዋን አንገቷን እንደደፋች ዛፍ ጥላ ሥር ወሰዳት። ብርሃኑን ከፊቷ ላይ ለካ፤ ጥቁረቷ እንዳይገረጣ ትንሽ ቀነስ አደረገ። ካሜራው በዚህ ጊዜ እጁን አልከለከለውም። ቀጭ!

ወዲያው ነጋዴው መጥቶ አህያዋን ይዟት ሄደ።

ውርንጭላው ፎቶውን አየ። ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«እናቴ ናት!» ብሎ ዘለለ። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ «ለምን አንገቷን ደፋች?» አለ።

ካሜራው የሚገባበት ጠፋው።

«እኔ ነኝ ያስደፋኋት» አለ። «የማየት ጉድለቱ የኔ ሆኖ ሳለ፣ በመልኳ አመካኘሁ። ሽባባው፣ ጥራልኝ፣ ይቅርታ ልጠይቃት፤ ቀና ብላ ፎቶ ትነሳ።»

ሽባባው ወደ መንገዱ ወጥቶ አየ። አህያዋ ኮረብታውን አልፋለች። ተጣራ፤ መልስ የለም።

ካሜራው ሌንሱን ከድኖ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ፊት አንስቷል፤ ማንንም ግን «ጥፋቱ ያንተ ነው» ብሎ አያውቅም።

የኔ ተረት ይኸው ነው። ብርሃን ቢበዛም ቢያንስም ይስተካከላል። ያሳፈራችሁት ሰው ግን ይቅርታችሁን ሳይሰማ ሊሄድ ይችላልና፣ ከመፍረዳችሁ በፊት አጥርታችሁ እዩ።