ኮርቻው የወረደ አልማዝ

እመት ላቀችን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። እኔም አላየኋቸውም፤ የሰማሁት ከአጎቴ ነው። አጎቴ ደግሞ ሲያወሩ ሳቃቸው ስለሚቀድማቸው ግማሹን ሳይጨርሱ ያልፉ ነበር። የጎደለውን እኔ ሞልቼዋለሁ። «ጨምረህበታል» የሚለኝ ካለ፣ እሱ ደግሞ ሳይጨምር አውርቶ ያሳየኝ።

እመት ላቀች ከጀማ ወንዝ ወዲህ ማዶ፣ በፊታውራሪ አንዳርጌ ግዛት ይኖሩ የነበሩ ባልቴት ናቸው። ባላቸው ሞተው፣ ልጅ ሳይወልዱ፣ የቀራቸው ሀብት «ዳማ» የሚሏት አንዲት በቅሎና ምላሳቸው ነበር። በቅሎዋ ከድግስ ታደርሳቸዋለች፤ ከደረሱ በኋላ ምላሳቸው ያበላቸዋል። ጉልበታቸው ስለከዳቸው ያለ ዳማ ከደጃፋቸው አይርቁም። እንግዲህ ይህችኑ በቅሎ ነው አንድ ክረምት ሊነጠቁ የደረሱት።

፩

የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሲል፣ በቅበላው ቅዳሜ፣ ፊታውራሪ አንዳርጌ ግብር አበሉ። ሥጋው ተበልቶ ጠጁ ሲዞር፣ ዘርጋው የሚባል ከባሕር በር የመጣ ነጋዴ ተነሣና የአልማዝ ቀለበት አሳየ። አልማዝን በስሙ እንጂ በመልኩ የሚያውቅ በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ፊታውራሪ ግን «አላውቅም» ማለት ከሹመት የሚያስሽር ይመስላቸው ነበርና፣ ገና ሳይቀርብላቸው «አዎን፣ እሱው ነው!» አሉ።

ነጋዴው ዋጋውን በማርና በአንዲት ሰጋር በቅሎ ቆረጠ። ማሩ ወዲያው ከጓዳ ወጣ። በቅሎ ሲባል ግን ፊታውራሪ ለራሳቸው በቅሎዎች ሳሱና፣ ደጅ ታስራ የነበረችውን የእመት ላቀችን ዳማ እንዲፈቱ አዘዙ። «ሌላ እሰጥሻለሁ» አሏቸው። ፊታውራሪ «እሰጣለሁ» ያሉትን የተቀበለ ሰው እስከዛሬ አልተወለደም።

አልማዝ የሚገዛበት ሥርዓት በአገሩ ስላልነበረ፣ ውሉ በበቅሎ ሥርዓት ይሁን ተባለ። ገዢ እስከሚመጣው ቅዳሜ ይመረምራል። ነውር ካገኘበት ገበያው ሳይፈታ ይመልሳል፤ አንዱ ከመለሰ ሌላውም የወሰደውን ይመልሳል። ገበያው ከተፈታ በኋላ ግን ሁሉም በያዘው ይጸናል።

ዳማ በሰው እጅ ተስባ ስትሄድ እመት ላቀች እንባቸው መጣ። ፊታውራሪ ይህን አይተው፣ «አንቺ ደግሞ! ከእንግዲህ በእግርሽ ብትመጪ ምን ትሆኛለሽ?» ቢሏቸው፣

«ምንም አልሆን ጌታዬ። ብቻ የምደርሰው ድግሱ ካለቀ በኋላ ነውና፣ የምበላው ባጣ እንኳ የማማው አላጣም» አሉ።

፪

ሰኞ እመት ላቀች በምርኩዝ እያዘገሙ፣ በየዛፉ ሥር እያረፉ፣ የገበያው ዳኛ ወደሆኑት ወደ ዳኛ ናደው ሄደው አቤት አሉ። ዳኛ ናደው እጅ መንሻ ካልቀረበ አንድ ጆሯቸው አይሰማም፤ ሌላው ደግሞ ከነጭራሹ አይሰማም ይባል ነበር።

«በቅሎሽ የምትመለሰው» አሉ ዳኛው እያዛጉ፣ «ቅዳሜ ከሁለቱ አንዱ የገዛውን ከመለሰ ነው። ሁለቱም ረካን ካሉ ግን እግዜር ያጥናሽ።»  ይህን ብለው የእመት ላቀችን እጅ አዩ፤ ነጠላቸውን አዩ፤ ከኋላቸው የቆመ ተሸካሚ እንዳለም አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ለመሆኑ ባዶ እጅሽን ነው የመጣሽው?»

«የምጭንባትን ወስደውብኝ እኮ ነው የመጣሁት፣ ዳኛዬ። እሷን ያስመልሱልኝና ጭኜ እመጣለሁ» አሉ።

፫

ነጋዴው ሲሸጥ «እውነተኛ አልማዝ በጨለማ ያበራል» ብሎ ነበር። ስለዚህ ፊታውራሪ በጠራራ ፀሐይ መስኮት የሌለውን ዕቃ ቤት አስከፈቱና፣ ሹማምንቱንና ሎሌዎቻቸውን ሁሉ አጭቀው በሩን ከውስጥ አዘጉ። እመት ላቀችም እንደ ሰኞው በምርኩዝ ደርሰው፣ በርበሬ ከተቀመጠበት ጆንያ አጠገብ ቆመው ያስነጥሳሉ።

«እነሆ!» አሉ ፊታውራሪ ከጨለማው ውስጥ። «ጣቴን ዘርግቻለሁ። የሚታየው ይናገር!»

 መጀመሪያ አንዱ «ኧረ ዓይኔን ወጋኝ!» አለ። ሌላው «የጎረቤቴን ሽበት አንድ በአንድ አየሁት» አለ። የፈረስና የበቅሎው አለቃ ባልደራስ ቢሻው ደግሞ ከሁሉ ላለማነስ፣ «እኔስ አልቻልኩም፤ ጋቢዬን በፊቴ ላይ ጣልኩ» አሉ። ፊታውራሪ ራሳቸው «ሙቀቱም ይሰማኛል» አሉና ቃተቱ።

በዚህ መካከል በሩ ተንኳኳ። ሲከፈት የፊታውራሪ ባለቤት ወይዘሮ ይመኙሻል ቀለበቱን በሁለት ጣት ይዘው ቆመዋል። «እጅዎን ሲታጠቡ ማስታጠቢያው ላይ ትተውት ሄደው፣ አገልጋይዋ ከውሃው ጋር ልትደፋው ነበር» አሉ።

ሹማምንቱ ሁሉ ወለሉን ያዩ ጀመር።  እመት ላቀች ብቻ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣

«ምነው ዝም አላችሁ፣ እልል በሉ እንጂ! ይኼማ የአልማዝ አልማዝ ነው፤ በሌለበት እንኳ ያበራል!» አሉ።

፬

ከዚያ ወዲያ ምርመራው ለባልደራስ ቢሻው ተሰጠ። ባልደራስ በቅሎን በተመለከተ ማንም የማያታልላቸው ሰው ናቸው። ከበቅሎ ውጭ ያለውን ነገር ሁሉ ግን እንደ በቅሎ ነው የሚያዩት፤ የልጃቸውን እጮኛ እንኳ ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞረው ነው «ደህና ናት» ያሉት።

ባልደራስ ቀለበቱን ተቀብለው ጥርስ ፈለጉ፤ የለም። ሰኮና ፈለጉ፤ የለም። ጥቂት አሰቡና፣ «ነጋዴ ኮርቻ ሳያወርድ የሚሸጠው በቅሎ ጀርባው ገጣባ ነው» አሉ። ከዚያም ድንጋዩ የተቀመጠበትን ወርቅ በጣታቸው እያሳዩ፣ «ኮርቻው ይውረድ!» ብለው አዘዙ።

ወርቁ በጉጠት ተፈልቅቆ ድንጋዩ ወጣ። ባልደራስ ገልብጠው እፍ አሉበት፤ ቁስል የለበትም። ፊታውራሪ ደስ አላቸው። ባልደራስ ግን ሥራቸውን በግማሽ የሚተዉ ሰው አልነበሩም። «ጤነኛ በቅሎ ኮርቻው ሲወርድለት ይንከባለላል፤ እንየው» ብለው ድንጋዩን በሰፌድ ላይ አኖሩና ሰፌዱን ዘንበል አደረጉት።

ተንከባለለ። ከሰፌዱ ጫፍ ደርሶ ወደ ሣሩ ወረደ። እዚያ ስትጭር የነበረች አንዲት ገብስማ ዶሮ አንገቷን ሰብቃ ለቀም አደረገችውና፣ ምንም እንዳልተደረገ መጫሯን ቀጠለች።

ፊታውራሪ ራሳቸውን ይዘው ጮኹ። ባልደራስ ሰፌዱን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። እመት ላቀች ግን፣

«አይቆጡ ጌታዬ፣ ሁሉም በወጉ ነው። ኮርቻው ወረደለት፣ ተንከባለለ፤ አሁን ጋጣው ገባ» አሉ።

፭

በፍልሰታ ዶሮ ማን ያርዳል? ቄሱ ሲጠየቁ «ጾሙ እስኪፈታ ትቆይ» አሉ። ጾሙ እስኪፈታ ደግሞ የመመለሻው ቅዳሜ ያልፋል። ይባስ ብሎ ዶሮዋ የጎረቤት ሆና ተገኘች፤ የግራዝማች እርገጤ።

ግራዝማች እርገጤ እንግዳ በመጣባቸው ጊዜ ሁሉ «ጾም ነኝ» የሚሉ፣ በፋሲካ ማግስት እንኳ ጾም የማያልቅባቸው ንፉግ ነበሩ። ዶሮዋን በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ አንገቷን ብቻ አውጥተው ከዳኛ ናደው ፊት ቀረቡ። «በዶሮዬ ሆድ ያለው የዶሮዬ ነው፤ የዶሮዬ የሆነው ደግሞ የኔ ነው!» ብለው ተሟገቱ። ፊታውራሪ በበኩላቸው እጃቸውን ወደ ሰይፋቸው ሰደዱ። ዳኛው አንዴ ሰይፉን፣ አንዴ ዶሮዋን እያዩ ላብ አጠመቃቸው።

እመት ላቀች ደነገጡ። ድንጋዩ ግራዝማች ቤት ከቀረ ቅዳሜ የሚመለስ ነገር የለም፤ የሚመለስ ነገር ከሌለ ዳማም የለች። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡና፣

«ግራዝማች እውነታቸውን ነው፤ ባለዶሮ ከዶሮው አይለይ። ቀን ከሌት ይከተሏት፤ የወጣውን ሁሉ በገዛ እጃቸው እየመረመሩ ድንጋዩን ብቻ ለፊታውራሪ ይስጡ። የቀረው የሳቸው ነው፤ አንድም ሰው እንዳይነካባቸው!» አሉ።

ተፈረደ። ግራዝማችም ዓርብ ከሰዓት በኋላ ድንጋዩን አመጡ። እጃቸውን ታጥበው ነበር ይላሉ አጎቴ፤ ሰላምታ የሰጣቸው ሰው ግን አልነበረም።

፮

አገሩ ሁሉ እየሳቀ ነው። እመት ላቀች ግን ሰውን አስቀው ቤታቸው ሲገቡ፣ ባዶውን ጋጣ እያዩ ያለቅሱ ነበር። በዚያ ላይ ፊታውራሪ «ሙቀቱም ይሰማኛል» ብለው በሰው ፊት ስለተናገሩ፣ ቢሞቱም አልማዙን እንደማይመልሱ ሁሉም አውቋል።

ቅዳሜ ጠዋት በራቸው ተገፋ። ከፍተው ቢያዩ ዳማ ናት። ኮርቻዋ ርሷል፣ ልጓሟ መሬት ይጎተታል፣ የተቀመጠባት ሰው የለም። አንገቷን አቅፈው ሳሟት። ሊደብቋት ግን አልፈለጉም፤ በሌባ ስም ከመጠራት በእግር መሄድ ይሻላል ብለው፣ እየጎተቷት ወደ ገበያው ወረዱ።

ዳኛ ናደው በዋርካው ሥር ተሰይመዋል። ፊታውራሪ ድንጋዩ ተመልሶ የተገጠመለትን ቀለበት አድርገው፣ «ነውር አላገኘሁበትም፤ ረክቻለሁ» አሉ። ባልደራስ ቢሻውም «ጀርባውን አይቼዋለሁ» ሲሉ መሰከሩ።

የቀረው ነጋዴው ነበር። ዘርጋው ዘግይቶ መጣ፤ እያነከሰ፣ ከራሱ እስከ እግሩ በስብሶ፣ ፀጉሩ ውስጥ የወንዝ ቅጠል ተሰክቶ።

«ምን ሆንክ?» አሉት ዳኛው።

«ዝናብ መታኝ» አለ። ገበያተኛው ሁሉ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ብራ ነው።

«በቅሎዋስ እንዴት ናት?»

«እንከን የላትም! ዛሬ ጠዋት ስትግጥ ገመዷን ፈትታ ጠፋችብኝ እንጂ ረክቻለሁ።» በቅሎዋን ቢመልስ ማሩን ይመልሳል፣ ማሩን ቢመልስ ያ የውሸት ድንጋይ ተመልሶ እጁ ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ አጥንቱ ቢሰበርም ከመርካት ወደ ኋላ አይልም።

«እንግዲህ ሁለቱም ረክተዋል» አሉ ዳኛው። «የቀረው አንድ ወግ ነው፤ የቀድሞዋ ባለቤት የበቅሎዋን አመል ሳትደብቅ ትናገር፤ ከዚያ ገበያው ይፈታል።»

እመት ላቀች የዳማን ጆሮ እያሻሹ፣

«አመል የላትም፣ ዳኛዬ። ብቻ ዋሽቶ የሸጠ ሰው ከተቀመጠባት ወንዝ መሃል ላይ ትጥለዋለች። ዘርጋው እውነተኛ ሰው ስለሆነ እሱን ምን ቸገረው?» አሉ።

 ከዘርጋው ልብስ የሚወርደው ጠብታ ይሰማል። «እኔን... እኔን አልጣለችኝም!» አለ።

«እሰየው!» አሉ ዳኛ ናደው፤ ያን ዕለት ሁለቱም ጆሮዎቻቸው ይሰሙ ነበር። «እንግዲያው እዚሁ ፊታችን ተቀመጥባትና ወንዙን ተሻገር። አንተ ማዶ ስትደርስ ገበያው ተፈታ።»

ወንዙ ከገበያው ሥር ሞልቶ ያጓራል። ዳማ ጆሮዋን ወደ ኋላ አስተኝታ ነጋዴውን አየችው። ዘርጋው ወንዙን አየ፤ በቅሎዋን አየ፤ ያነከሰ እግሩን አሻሸ። በመጨረሻም የፊታውራሪን ጣት እያየ፣ «ቀለበቴን መልሱልኝ፤ ማሩንም በቅሎዋንም ውሰዱ» አለ።

ፊታውራሪ ቀለበቱን ሲያወልቁ ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀላ። ሰው ሁሉ እያያቸው ነው፤ የሆነ ነገር ማለት አለባቸው። «እኔ መርምሬ፣ ባልደራስ መርምሮ፣ እርገጤ እንኳ በእጁ መርምሮ ያላገኘውን ነውር አንቺ አገኘሽው! የአልማዝ ምርመራ ከማን ተማርሽ?» አሏቸው።

እመት ላቀች እግራቸውን እርካቡ ላይ አድርገው፣ ሰው ደግፏቸው ወጡና ኮርቻው ላይ ተደላደሉ።

«እኔ ምን አውቄ ጌታዬ? የመረመረችው በቅሎዬ ናት።»