ጅራቱ የታጠበው በሬ

አንድ ከብት ነጋዴ ነበረ፤ ሀብታም ነው። የጠየቅኸኝን በእሱ ልመልስልህ፣ ታረቀኝ።

መጀመሪያ ጥያቄህን ልድገመው፣ በደንብ ሰምቼህ እንደሆነ። ሆድህን ቢያምህ ጤና ጣቢያ ሄድህ። ሲስተሯ ትንሽ ባለክዳን ዕቃ ሰጥታ «ሰገራ ይዘው ይምጡ» አለችህ። አንተ የዕድር ዳኛ ነህ፤ ስታልፍ ሰው ከመቀመጫው ብድግ ይላል። ዕቃውን በጋቢህ ሸፍነህ እዚህ ድረስ መጣህና እታች እሾህ አጥሬ ውስጥ ወረወርኸው። አላየኝም ብለህ ነው። ከዚያ ገብተህ ተቀመጥህና፣ ከሰው ሆድ ከወጣ ቆሻሻ ምን እውቀት ይገኛል፣ ይህ ሰውን ማዋረድ አይደለም ወይ አልኸኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ያን ነጋዴ ግን አውቀዋለሁ።

ሰውየው በሬ ሲገዛ እንደ ሌላው አይደለም። ሌላው ጥርስ ገልጦ ያያል፣ ሻኛ ይጨብጣል፣ ጎን ጎኑን ይመታል። እሱ ከኋላ ይቆማል። አይናገርም። በሬው እበት እስኪጥል ይጠብቃል። ሲጥል ቁጢጥ ይልና በበትሩ ጫፍ ይከፍተዋል። ገብሱ ሳይፈጭ እንዳለ ከወጣ፣ ይህ በሬ ጥርሱ አልቋል፣ በደንብ አያመሰኳም ይላል። ውሃ ሆኖ አረፋ ከያዘም ይተወዋል። ደርቆ ንፍጥ መሰል ነገር ከለበሰ፣ አንጀቱ ተጎድቷል ብሎ ይነሣል። ከተነሣ በኋላ ማንም አይከራከረውም ነበር።

ነጋዴዎች «እበት አንባቢ» የሚል ስም አወጡለት። አልከፋውም። ጸጉርም ቀንድም ሊዋሽ ይችላል፣ ይህ ግን ከውስጥ ነው የመጣው ይል ነበር።

ሻጮችም በበኩላቸው ዘዴ አበጁ። የታመመ በሬ ያለው ሰው ገበያ ሳይገባ ወንዝ ያወርደውና ጅራቱን ያጥብለታል። ኋላውን በሣር ይጠርግለታል። ገበያ ላይ እንዳይጥል ብሎ ጦሙን የሚያሳድርም አለ። ሌላው ደግሞ በሬውን ጤነኛ በሬ የጣለው እበት ላይ አምጥቶ ያቆመዋል፣ የእሱ እንዲመስል። ነጋዴው ይህንንም ያውቃል። እበቱን በእጁ ጀርባ ነካ ያደርግና፣ ይህ ቀዝቅዟል፣ የዚህ አይደለም ይላል።

አንድ ቀን እንዲህ ያለ ሻጭ ያዘ።

«ጅራቱን ማን አጠበው? ሙሽራ ነው እንዴ?» አለው።

ገበያው ሳቀ። ነጋዴው ግን መሳቁን ትቶ ሻጩን አየው።

«እኔን አታለልኸኝ እንበል። በሬውንስ ምን ልታደርገው ነው?»

ይህችን ቃል ያዝልኝ።

ከዚያ ሰውየው ራሱ ታመመ። ሲርበው ጨጓራውን ያቃጥለዋል። በፊት በእግሩ የሚወጣውን ዳገት በበቅሎ ይወጣው ጀመር፤ በበቅሎም ሆኖ ያልበዋል። ፊቱ ገረጣ። ሚስቱ ምን ሆንህ ብትለው ብርድ ነው አላት። ጥሬ ሥጋ ይወድ ነበርና ደግሞ ኮሶ ነው አለ። ኮሶ ጠጣ። ባሰበት።

የበሬውን ሁሉ የሚያይ ሰው የራሱን አያይም ነበር። ነውር ነው። የተከበረ ሰው በብርሃን ሜዳ ላይ አይቀመጥም። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ይጨርሳል፣ በእግሩ አፈር ይገፋበታል፣ ዞር ሳይል ይመለሳል። ጨለማው ሁሉን ይሸፍንለታል። ሽታውን ብቻ አልሸፈነለትም። የሰነበተ ደም የመሰለ፣ የሚከረፋ፣ በፊት የማያውቀው ሽታ ነበር። የበላሁት ነገር ነው ብሎ ተወው።

ሚስቱ አልቅሳ ጤና ጣቢያ ላከችው። ሲስተሯ አዳመጠችውና እንደ አንተው ዕቃ ሰጠችው። የሲስተሯን አባት ያውቀዋል፤ ከሱ በሬ ገዝቷል። ለሰው ልጅ፣ ለዚያውም ለማውቀው ሰው ልጅ፣ ይህን ይዤ እቀርባለሁ? አለ በልቡ። ወጣ። ደጅ ላይ በሬ ነጂው በቅሎውን ይዞ ቆሟል። ዕድሜውን ሁሉ በሬ የነዳለት፣ ድንጋይ ቢበላ የሚስማማው ጎልማሳ ነው። ነጋዴው ከአጥሩ ኋላ ወሰደውና ዕቃውን ሰጠው። አንተ ሙላልኝ አለው።

ነጂው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ጌታው አልሳቀም። ሰገራ ያው ሰገራ ነው፣ ማን ያውቃል አለው። ከዚያም ለማንም እንዳይናገር በልጆቹ አስማለው።

ሲስተሯ መርምራ መጣች። ወስፋት አለብዎት አለችው፤ መድኃኒት ሰጠችው። ልትሸኘው ስትል ግን ፊቱን አየችና አንድ ነገር ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ሰገራዎ ጠቁሮ ያውቃል?»

«የለም» አላት።

የዋሸ አልመሰለውም። አይቶት አያውቅማ።

ደስ ብሎት ቤቱ ገባ። ወስፋት ነው አሉኝ ብሎ ለሚስቱ ነገራት፣ እሷም እልል ማለት ብቻ ነው የቀራት። መድኃኒቱን እሱ ዋጠ። ወስፋቱ ነጂው ሆድ ውስጥ ተመችቶት ቀረ።

ከዚያ በኋላ ባለው ገበያ ሁላችንም እዚያው ነበርን። አንድ ሰው የሚያምር ቀይ በሬ አመጣ። ሻኛው የተከመረ ነው። ጅራቱ ታጥቧል። ነጋዴው ያንን አይቶ ፈገግ አለና እንደ ልማዱ ከኋላ ቆመ። ያን ቀን ግን በትሩን ተደግፎ ነበር የቆመው። ሻጩ በሬውን ሊያዞርበት ሲጎትት በሬው ጣለ። ነጋዴው ቁጢጥ አለ። በበትሩ ከፈተው።

ጥቁር ነው። መንገድ ላይ እንደሚያፈሱት ሬንጅ ጠቁሮ ያብለጨልጫል፣ በትሩ ጫፍ ላይ ተጣበቀ። ነጋዴው ጎንበስ አለ። ሽታው መጣ።

ሽታውን አወቀው። ከበሬ አልነበረም የሚያውቀው።

ቁጢጥ እንዳለ ቀረ። ሰው ጠበቀ። እሱ አይነሣም። ሻጩ መፍራቱን በሳቅ ሊሸፍን ፈልጎ፣ «ምነው እበት አንባቢ፣ ዛሬ ፊደሉ ጠፋህ?» አለው። ሰው ሳቀ።

«ይህ በሬ ውስጡ እየደማ ነው» አለ ነጋዴው።

ሻጩ መማል ጀመረ። ትናንት ሲያርስ ዋለ አለ። ነጋዴው አልሰማውም። ዓይኑን ከመሬቱ ሳያነሣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እኔም እየደማሁ ነው።»

አንዳንዱ ቀልድ መስሎት እየሳቀ ነበር። ሳቁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። ነጋዴው ቀና ብሎ ነጂውን ፈለገው። የነጋዴው ከንፈር እንደ አመድ ነጥቷል።

«ለሲስተሯ የሰጠናት የማን ነበር?»

ነጂው መሬት መሬቱን አየ። «አስምለኸኛል እኮ፣ ጋሼ።»

«መሐላውን ፈትቼልሃለሁ። ይስሙ። የማን ነበር?»

«የኔ።»

ታረቀኝ፣ ጨው የምትሰፍር ሴት እጇን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። ሻጩ የበሬውን ገመድ ለቀቀው፤ በሬውም ንቅንቅ አላለም። ያንን ሰው የማያውቅ አልነበረም። ከበሬ ኋላ ቆሞ ሁላችንንም ሲያጋልጠን የኖረ ሰው ነው። ይህን ያደርጋል ብሎ ማን ያስባል? ነጂው ብቻ አፍ አገኘ። ለማንም አልነበረም የተናገረው፣ ለራሱ ነው።

«ጅራት አጠብን፣ ጋሼ።»

ነጋዴው ሊነሣ ሞከረ። በትሩ ተንሸራተተና በደረቱ ተደፋ።

ቃሬዛ ያበጀለት ያ ሻጭ ነው። የበሬውን ገመድ ፈትቶ፣ ጋቢውን ዘርግቶ። ሩጠን ጤና ጣቢያ አደረስነው። ሲስተሯ ወስፋቱ ነው ብላ ልትጀምር ስትል ነጂው ቀደማት። የመረመርሽው የኔን ነው አላት። ለምን አላለችም፣ አልተቆጣችም። የነጋዴውን ዓይን ገልጣ አየችና ለመኪና ሮጠች።

ሆስፒታል ጨጓራው ቆስሏል አሉ፤ ቁስሉ የደም ሥር በልቶ ሰንብቷል። ከላይ የሚፈስ ደም አንጀት ለአንጀት ሲወርድ ይጠቁራል አለን ሐኪሙ። ከታች አጠገብ ከሆነ ቀልቶ ይወጣል። ሐሞት መውረጃው ሲዘጋ ደግሞ ሰገራ እንደ አመድ ይነጣል፣ እሱም ዝም አይባልም አለ። ለደም ማነስ የሚሰጠውን ክኒን የሚውጥ ሰውም ሳይደማ ይጠቁርበታልና፣ ዓይን አይቶ ይጠይቃል እንጂ አይፈርድም፣ የሚመረመረው ለዚህ ነው አለ። ይህን ሁሉ የተናገረው ኮሪደር ላይ ቆሞ ነው። ጨርሶ ሲሄድ፣ ያን ቀን የራሱን አምጥቶላት ቢሆን ክዳኑን እንደከፈተች ታውቀው ነበር አለ።

ደም ያስፈልገዋል ተባለ። የነጂው ገጠመለት። መጀመሪያ ከገላው ያወጣለት ሊገድለው ነበር፣ ሁለተኛው አዳነው። ነጂው እስከ ዛሬ በዚህ ይቀልዳል፤ ጌታው ግን ሲቀለድ ይወጣል።

በሬው ያን ቀን ሳይመሽ እዚያው ገበያው ዳር ተኛ። አልተነሣም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ።

ከቆሻሻ ምን እውቀት ይገኛል አልኸኝ። በሬ አፍ የለውም፤ እዚህ ጋ አመመኝ አይልም። ስለዚህ ሰው ከኋላው ቆሞ ይጠብቅለታል። ሆድህም እንደ በሬው ነው፣ አፍ የለውም። ያለው ቃል ያ አንተ በጨለማ አፈር የምትገፋበት ነው። ነጋዴው ሲስተሯን ያታለላት መሰለው። የታጠበው ጅራት የራሱ ነበር።

ውርደት ነው አልኸኝ። ያን ሰው ከሆስፒታል ሲመለስ አየሁት። ሰው እንደ ድሮው ተነሣለት። ከበሬ ኋላ ሲቆምም «እበት አንባቢ» እንደተባለ ነው። ተዋርዶ ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ያኔ በደረቱ መሬት ላይ ሲደፋ።

አንተንም አይቻለሁ። ወደ እኔ ስትወጣ በየድንጋዩ ላይ ተቀመጥህ። በፊት አትቀመጥም። ከንፈርህ ነጥቷል። ሲስተሯ ጠቁሮ ያውቃል ወይ ብላ ጠይቃሃለች? ዓይንህን ሰበርህ። ጠይቃሃለች ማለት ነው። የለም ነው ያልኻት። አልዋሸህም፣ እኔም አልዋሸህም እልሃለሁ። አላየህም። ነጋዴው እንኳ ዕቃውን የሰው ሞልቶ መልሷል። አንተ ባዶውን ወረወርኸው።

ይኸውልህ። ውሃ ላምጣልህ ብዬ ስወጣ ከእሾሁ ውስጥ አወጣሁት። ክዳኑ ደህና ነው፣ አልተሰነጠቀም። ያዘው።

ነገ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ውጣ።