የእመት አህያ የድንጋይ መፍጫ

አንድ ጊዜ ቀበሮ አህያን በደለቻት። በደሉ የሣር ወይም የገብስ አልነበረም። አህያ ወር ሙሉ በጥርሷ ጎትታ፣ በሰኮናዋ አቃንታ የሠራችውን የድንጋይ መፍጫ ቀበሮ በአንድ ጧት «የእኔ ሥራ ነው» ብላ አንበሳ ደጅ አቆመችው።

ነገሩ የተነሣው ከአንበሳ ጥርስ ነው። አያ አንበሳ የጎሽ ቅልጥም ሲሰብር አንዱ ክራንቻው ከሥሩ ወለቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሲናገር አፉን በመዳፉ መሸፈን፣ ሲያዛጋ ፊቱን ወደ ዋሻው ማዞር አመጣ። ይሁን እንጂ ጅብ ሞኝ ነው እንጂ ዕውር አይደለም። አያ ጅቦ በሁለተኛው ቀን አየው፤ በሦስተኛው ቀን ለወገኖቹ አወራው፤ በሳምንቱ ጅቦች ያለ ልማዳቸው በጠራራ ፀሐይ ወንዝ ዳር መዘዋወር ጀመሩ።

አንበሳም ነገሩ አላምር ስላለው አውሬውን ሁሉ ሰብስቦ ተናገረ፦

«ጥርስ የሚያህል ወርቅ ላመጣልኝ፣ ከዋሻዬ በታች ያለውን ጨፌ ከነሣሩ፣ ከነምንጩ ሰጥቼዋለሁ። እዚያ ጅብ ድርሽ አይልም።»

እመት አህያ ይህን ስትሰማ ጆሮዋ ቀጥ አለ። እርጉዝ ነበረች፤ ወሯም ገብቷል። የምትኖረው ደግሞ ከጅቦቹ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ያለፈውን ዓመት ውርንጭላዋን ከሦስት ቀን በላይ አላጠባችውም፤ በአራተኛው ቀን ሣር ልትነጭ ዞር ብላ ስትመለስ ያገኘችው የረገጠውን ቦታ ብቻ ነበር። ባል አላት፣ የላትም አይባልም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የተባለው ግን በማን ሆነና! ስለዚህ ያ ጨፌ ለሌሎች ሣር ነው፤ ለእሷ ግን የልጇ ነፍስ ነበር።

ወንዙ ውስጥ የነበረው ወርቅ ታጥቦ ካለቀ ቆይቷል። የቀረው ከኮረብታው ነጭ ድንጋይ ሆድ ውስጥ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ ሆዱን በልመና አይከፍትም። እመት ጦጣ ድንጋይ በድንጋይ ስትወቅጥ የገዛ አውራ ጣቷን ወቅጣ፣ እሱን ስትጠባ ሰነበተች። ሌሎቹም አንዳንድ ቀን ሞክረው «ወርቅ የሚሉት ወሬ ነው» እያሉ ተበተኑ።

አህያ ግን አገር ያየች ናት። በወጣትነቷ ወርቅ ቆፋሪዎች ዘንድ ድንጋይ ስትጭን ኖራለች። ጭነቷ እስኪራገፍ ቆማ የምታየው አንድ ነገር ነበር፤ በብረት ሆድ ውስጥ የሚሽከረከር ሰንሰለት ድንጋዩን እየገረፈ ዱቄት ሲያደርገው። «እነሱ በስንት ወርቅ ገዝተው አመጡት፤ እኔ ከተጣለ ነገር እሠራዋለሁ» አለች።

መንገድ ሠሪዎች ጥለውት ከሄዱት ሰፈር አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ወፍራም የብረት ቱቦ እያንከባለለች አመጣች። ከተሰበረ መኪና ሥር ሰንሰለት ፈታች። ከአሮጌ ብስክሌት ቸርኬ ነቅላ ማዞሪያ አደረገችው። ቱቦውን አጋድማ በመሐሉ ዘንግ አሳለፈች፤ በዘንጉ ላይ አራት አጫጭር ሰንሰለት አንጠለጠለች። ከላይ ድንጋይ መጉረሻ አፍ፣ ከታች ዱቄት መውጫ ቀዳዳ አበጀችለት። ዘንጉንና ቸርኬውን በመኪና ጎማ ላስቲክ አገናኘቻቸው፤ አፉን በወፍራም የጎማ ቁራጭ ከደነችው፤ ከበላዩም ውሃ ጠብ ጠብ የሚያደርግ ቅል ሰቀለች።

ሲያዩት አስቀያሚ ነው። ሲፈጭ ግን ይፈጫል! ዱቄቱን በገበቴ ወስዳ ወንዝ ውስጥ አጠበችው፤ አሸዋው ሲሄድ ከታች ፀጉር የሚያህል ቢጫ መስመር ቀረ። ሌላ ብትሆን በደስታ ትዘል ነበር። እሷ ግን መጀመሪያ ያደረገችው ወደ ገደሉ ዞሮ ማየት ነው። ኳኳታውን ሰምተው ይሆን?

የሰማችስ ቀበሮ ናት።

«እንደምን ዋልሽ እመት አህያ! ይሄ ሁሉ ጩኸት ከአንቺ ደጅ ነው?»

«ከእኔው ደጅ ነው እመት ቀበሮ። እንቅልፍ ነሣሁሽ መሰለኝ።»

«ኧረ ምን ቸገረኝ! እጅሽ ይባረክ እንጂ… ሰኮናሽ ማለቴ ነው።» መፍጫውን ሁለት ጊዜ ዞረችው። አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች አሸተተችው። «ብቻ እንዲያው ሳስበው ታሳዝኚኛለሽ። ይሄን ለጃንሆይ ማን ይነግርልሻል?»

«እኔው ነኛ።»

«አንቺ? በዚህ ድምፅሽ? ያኔ ‹ጎርፍ መጣ› ብለሽ ስትጮሂ ምሳቸውን አቋርጠሽ ምን እንዳገኘሽ ረሳሽው?»

አልረሳችውም። ጆሮዋ ላይ ያለው ጠባሳ አያስረሳትም።

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«እኔ ቀድሜ ልግባና ልንገርልሽ። ስምሽን ጠርቼ፣ ድካምሽን ዘርዝሬ። አንቺ ውሃ ጠጥተሽ ቀስ ብለሽ ተከተይኝ። እንዲህ ከብደሽ አትሩጪ፣ ልጅሽን ታናውጪዋለሽ።»

ቀበሮ ስታዝንላችሁ ዶሮአችሁን ቁጠሩ። አህያ ግን ለልጇ ያዘነች የመጀመሪያዋ ፍጡር ስለሆነችላት ልቧ ራራ። ውሃዋን ጠጥታ ስትመለስ መፍጫው የለም። መሬቱ ላይ የተጎተተበት ፋና ብቻ፣ ከፋናውም ጎን የጅብ ኮቴ።

እርጉዝነቷንም ረስታ ሮጠች። አንበሳ ደጅ ስትደርስ አያ ጅቦ መፍጫውን ጎትቶ አምጥቶ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል፤ ቀበሮ ደግሞ ጅራቷን አንጥፋ ትናገራለች።

«…እንቅልፍ አጥቼ፣ ምግብ ትቼ፣ ለጃንሆይ ጥርስ ስል በገዛ ጭንቅላቴ ያፈለቅሁት ነው።»

«ጃንሆይ!» አለች አህያ ትንፋሿ ተቆራርጦ፤ «እሱ እኮ የእኔ…»

«አልካድሁም» አለች ቀበሮ ቶሎ ብላ፤ «እሷም ድንጋይ አቀብላኛለች። ትንሽ ጭድ ይታሰብላት።»

አውሬው ሁሉ ሳቀ። እመት ጦጣ ጣቷን ከአፏ አውጥታ፣ «አህያ ደግሞ መሐንዲስ ልትሆን!» አለችና ጣቷን መልሳ ጎረሰች።

አንበሳ በመዳፉ ሥር አጉረመረመ። «ማን ሠራው የሚለው አያጠግበኝም። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ይፈጭና እንይ።»

እስከዚያው ቀበሮ መፍጫውን ማስዋብ ያዘች። «ይሄ የሞተ ጎማ በንጉሥ ፊት? ነውር አይደለም!» ብላ የአፉን ክዳን ነቅላ ወረወረችው። ላስቲኩንም ፈትታ ጣለች፤ በምትኩ አዲስ የበሬ ጠፍር አመጣችና እስኪያብረቀርቅ ድረስ ሞራ ቀባችው። ለማዞር ደግሞ ማንን ብትመርጥ ጥሩ ነው? አያ ጅቦን! ጉልበቱን አይታ ነው፤ ሆዱን ማየት ረሳች።

አህያ ከድንጋይ ጀርባ ቆማ ሁለቱ ሲንሾካሾኩ ሰማች።

«እኔ አዞራለሁ፤ ለእኔስ ምን አለኝ?» አለ ጅብ።

«ጨፌው የእኔ ሲሆን ማን ገባ ማን ወጣ የምለው እኔ ነኛ። ያቺ ደግሞ ወሯ ነው፤ ምጥ ሲይዛት መሮጥ አትችል። አንተ ብቻ አዙር።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። የአህያ ሆድ ውስጥ ያለው ሁሉን የሰማ ይመስል ተራገጠ።

አሁን ምን ታድርግ? አንበሳ የተቀመጠው ልክ በመፍጫው አፍ ትይዩ ነው። ክዳኑ የለም። ሰንሰለቱ ሲዞር ድንጋዩ ወዴት እንደሚወጣ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ጥርሱ የሄደ አንበሳ ዓይኑም ከሄደ፣ ሳይመሽ አገሩ የጅብ ነው። ብትናገር ደግሞ «ምቀኛ» ይሏታል፤ ምሳውን ስላቋረጠች ጆሮዋን የተቧጨረች፣ በዙፋኑ ፊት ስታናፋ ምኗን ልታጣ ነው?

ወደ ቀበሮ ተጠጋች። «እመት ቀበሮ፣ ጨፌውም ይቅርብኝ። ያን ጎማ ብቻ መልሺው፤ ድንጋዩ ይወረወራል።»

«ውይ! ቅናት ነው እንዴ ጆሮሽን እንዲህ ያስረዘመው?» ብላ ጀርባዋን ሰጠቻት።

ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች። ቀበሮ ነጭ ድንጋይ ጨመረች፤ ጅብ አዞረ፤ ሰንሰለቱ ጮኸ። አህያ ዓይኗን ጨፈነችና ከሆዷ ያለውን ድምፅ ሁሉ አውጥታ አናፋች።

«ጃንሆይ፣ ይነሡ!»

«ደግሞ ይህች!» ብሎ አንበሳ ተቆጥቶ ተነሣ፤ ጥፍሩን አውጥቶ ሁለት እርምጃ ወደ እሷ ተራመደ። ሦስተኛውን ሳይራመድ ከመፍጫው አፍ አንድ ድንጋይ እያፏጨ ወጥቶ፣ ራሱን አስደግፎበት የነበረውን አለት ሰነጠቀው።



«ሲጀምር እንዲህ ነው ጃንሆይ፣ ሲሞቅ ይተወዋል!» አለች ቀበሮ ላብ እያሰመጣት። «አያ ጅቦ፣ አዙር እንጂ!»

አያ ጅቦ ግን በሌላ ዓለም ነበር። ያ ሞራ የጠገበ ጠፍር በዞረ ቁጥር በአፍንጫው ሥር ያልፋል። መጀመሪያ አሸተተው። ቀጥሎ ላሰው። ከዚያማ በአንድ ጉርሻ ጎምዶ ከነቋጠሮው ዋጠው። ማዞሪያው ባዶውን ተንቀዠቀዠ፣ ሰንሰለቱ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ምን አደረግህ አንተ ሆዳም!»

«እኔ ምን አደረግሁ? እሱ ራሱ አይደል አፌ ሥር የሚመላለሰው?»

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። «የሠራሽው አንቺ አይደለሽ? ጠግኚው።»

ቀበሮ ጎንበስ ቀና አለች። የሣር ገመድ ብታስር ተበጠሰ። ሰንሰለቱን ብትጎትት ተጠላለፈ።

«ሰንሰለቱ ስለ ምን አራት ሆነ?» አለ አንበሳ።

«ለ… ለጌጥ ነው ጃንሆይ።»

«ይህ የሚንጠባጠበው ቅልስ?»

«ሠራተኛው ሲጠማው እንዲጠጣ።»

ይህን ጊዜ ጦጣ እንኳ አፍራ አንገቷን ደፋች። አንበሳ አህያን አያት። «አንቺ ድንጋይ አቀባይ፣ ትመልሺልኛለሽ?»

አህያ ቀረበች። «ሰንሰለቱ ሦስት ሲሆን ዘንጉ ይንገዳገዳል፣ አምስት ሲሆን ይያያዛል፤ ሁለቱንም ሞክሬ አይቼዋለሁ ጃንሆይ። ውሃው አቧራውን ያበርደዋል፤ ያለ ውሃ ፈጭቼ ግማሽ ወር ደረቴን ይዤ ሳልሁ። ጠፍርም አስሬ ነበር፤ በማግሥቱ አያ ጅቦ ስለበላው ነው ላስቲክ ያደረግሁት። ክዳኑን ደግሞ…» አፏን ከፈተች። ከፊት ሁለት ጥርሷ የለም። «ክዳን ሳልሠራ የጎረስሁት ድንጋይ ነው።»

 አንበሳ ለመጀመሪያ ጊዜ መዳፉን ከአፉ ላይ አወረደው። «ሥሪው» አላት።

ላስቲኩን ከተጣለበት አንሥታ አሰረችው፤ ክዳኑን መለሰችው፤ ራሷ አዞረችው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ሳትል ገበቴው ውስጥ ጥርስ የሚያህል ወርቅ ተጠራቀመ። ጦጣ በእሳት አቅልጣ ገጠመችለት። አንበሳ አፉን በሰፊው ከፍቶ ሲያገሣ አያ ጅቦ ከነጠፍሩ ወደ ገደሉ ሲወርድ ዞሮ አላየም።

አህያ ጨፌው ውስጥ ወለደች። አራተኛው ቀን አለፈ፣ አምስተኛውም አለፈ፤ ውርንጭላዋ ቆሞ ይጠባል። እሷ ግን ሣሩን አንድ ጊዜ ነጭታ ሁለት ጊዜ ቀና ትላለች፤ ያልለመዱት ሰላም ቶሎ አይዋጥም።

በሰባተኛው ቀን ቀበሮ ከጨፌው ዳር ብቅ አለች፤ ዓይኗን በጨው አጥባ። «እመት አህያ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! እንዲያው እኔ ያን ቀን እዚያ ባላደርስልሽ ማን ያውቅሽ ነበር? አሁን እኔም የራሴን መፍጫ ልሠራ ነው። ቱቦውን አግኝቻለሁ፣ ሰንሰለቱን አግኝቻለሁ። የቀረኝን አንዲት ነገር ብቻ ንገሪኝ።»

ከዚህ የምንማረው አህያ ውርንጭላዋን ከጀርባዋ አድርጋ ለቀበሮ የመለሰችላትን ነው፦ «እመት ቀበሮ፣ የሠራሁትን ወስደሽብኝ ነበር፣ የተሳሳትሁትን ግን ጥለሽልኝ ሄድሽ፤ መፍጫውን የሚያዞረው እሱ ነው።»